ብሔርሽን ማን ጻፈው?



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ቅጽ ነው። ለማኅበራችን ድጋፍ ለማድረግ ያሰበ አንድ ወገን አባላቱን በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃ፣ በጋብቻ ሁኔታና በብሔር ከፋፍለን እንድንልክለት ጠየቀን። ጊዜው አጭር ነበር። የአባላት መዝገባችን ደግሞ ብሔር የሚል ዓምድ የለውም። ጸሐፊያችን ሌሊቱን ቁጭ ብላ፣ ስማችንን እያየች፣ የአባታችንን ስም እያየች፣ አነጋገራችንን እያስታወሰች ሞላችው። አልወቅሳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ጠዋት ለፊርማ ስንሰበሰብ ቅጹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቅመም የሚነግዱት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ «ማነው ጉራጌ ያለኝ?» አሉ። «እኔ ስልጤ ነኝ። አባቴ እኮ በ1993 ተሰልፈው ድምፅ የሰጡበት ጉዳይ ነው!» ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ አንዷ እህታችን፣ «እኔን አማራ ያላችሁኝ ስሜን አይታችሁ ነው? እናትና አባቴ ጌዴኦ ናቸው» አለች። እንደገና ሳቅን። ከዚያ የራሴን መስመር ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። ከስሜ ጎን «ወላይታ» ይላል። ስሕተት አይደለም፤ አባቴ ወላይታ ነው። ነገር ግን እናቴ ሲዳማ ናት፤ የይርጋለም ልጅ። እሷ በዚያ መስመር ላይ የለችም።

ብሔር የሚለውን ዓምድ ሌላ ሰው ሲሞላልኝ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ስለዚህ የሰውን ብሔር የሚወስነው ማነው የሚለውን ጥያቄ ይዤ ያነበብኩትንና ያየሁትን ላካፍላችሁ ወሰንኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መታወቂያዬ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መታወቂያ ለማውጣት ከእናቴ ጋር ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የትውልድ ቦታ አለኝ፣ ሐዋሳ አልኩት። ብሔር ሲለኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በሰፈራችን «የማን ልጅ ነሽ?» ይባላል እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «አባትሽ ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት፣ ጻፈው፣ አለቀ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ፣ ስም የሚጻፈው የሌላ» ብላ ቀልዳ አለፈችው። ቀልድ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ያ ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም። አብዛኛው ሰው የሚያምነውን ልማድ ነው የተከተለው፤ ልጅ ወደ አባቱ ይቆጠራል። ስማችንም እንደዚያው ነው። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፤ የእናት ስም ቦታ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው በስም ብቻ ብሔራችንን ሲገምት ግማሽ ታሪካችንን ከመጀመሪያው ትቶታል ማለት ነው።

ድሮ ምን ነበር የሚጠየቀው?

የከተማችንን ታሪክ እናስታውስ። ሐዋሳ ከመቆርቆሯ በፊት ቦታው የሲዳማ አርሶ አደርና ከብት አርቢ መሬት ነበር። አዳሬ የሚባለው የጥንቱ ስም ዛሬም በአዳሬ ሆስፒታል ላይ ይነበባል። በ1952 ገደማ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ ሳሉ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እሷ ተዛወረ። ጡረታ የወጡ ወታደሮች ሰፈሩ፣ ነጋዴ መጣ፣ አናጢና ግንበኛ መጣ። አባቴም ከሶዶ አካባቢ መጋዙን ይዞ ከመጡት አንዱ ነው።

በዚያን ጊዜ «ሲዳሞ» የአስተዳደር ስም እንጂ የሕዝብ ስም አልነበረም። በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጌዴኦው፣ ጉጂውና ቦረናው ሁሉ ነበሩበት። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን የማንም ይሁን የማን «ሲዳሞ» ይባል ነበር። ስሙ ዛሬም በቡና ጆንያ ላይ አለ። የጌዴኦ ሕዝብ «ደራሳ»፣ የወላይታ ሕዝብ «ወላሞ»፣ የየም ሕዝብ «ጃንጀሮ» እየተባሉ በመንግሥት ወረቀት ላይ ይጻፉ ነበር፤ ሕዝቦቹ ራሳቸውን በእነዚህ ስሞች አይጠሩም። አንዳንዶቹ ስሞችም ንቀት የተሞሉ ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው ሕዝቦች በገዛ ስማቸው በይፋ መጠራት የጀመሩት። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ስም እንኳ ሳይቀር ሌላ ሰው የሚሰጠን ዘመን ነበር።

«ብሔር» እና «ብሔረሰብ» የሚሉት ቃላት በዛሬው ትርጉማቸው የተስፋፉትም በተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን ነው። በኅዳር 1962 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኰንን በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎቹ መጽሔት ወጣ። በ1975 ደርግ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ባለሙያዎች በየክፍለ ሀገሩ ዞረው የሀገሪቱን ሕዝቦች እንዲያጠኑ ተደረገ። በ1976 የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። በ1987 ደግሞ የአሁኑ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ኅዳር 29ን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አድርገን የምናከብረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ሕገ መንግሥቱ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። የጋራ ባህልን ወይም ተመሳሳይ ልምድን፣ የሚግባቡበትን ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነትን፣ በአብዛኛው የተያያዘ መኖሪያን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል አንዱ መስፈርት ግን ከውጭ ሆኖ የሚለካ አይደለም። ሰዎቹ ራሳቸው የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብለው ማመን አለባቸው። እምነት ደግሞ ሳይጠየቅ አይታወቅም። ቋንቋን ተመራማሪ ያጠናዋል፤ መሬትን ቀያሽ ይለካዋል፤ ሰው ማን ነኝ ብሎ እንደሚያምን ግን ከራሱ አፍ በቀር ምንጭ የለውም።

ሳይጠየቅ ሲቀር

ይህ መስፈርት ሲዘለል ምን እንደሚከተል ከሐዋሳ ብዙም ሳንርቅ አይተናል። በ1991 በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ አንድ የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ ተሞከረ። ስሙም ከአራቱ ስሞች መነሻ ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። ቋንቋዎቹ በጣም የሚቀራረቡ መሆናቸው እውነት ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ይመሰክራሉ። ወጪ ለመቀነስና አስተዳደርን ለማቅለል የታሰበ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም። በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ፣ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት እንዲወጡ ተደረገ። በኋላም ዞኑ ራሱ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ የየራሳቸው ዞን ሆኑ። አባቴ በዚያ ወር በየማታው ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጥ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከሰሜን ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ላይ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዘገቡ። በ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ላይ ግን ቅማንት የሚል ስም ለብቻው አልታየም። ከ170 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በ12 ዓመት ውስጥ አልጠፋም፤ ከዝርዝሩ ግን ወጣ። ጥያቄው ለዓመታት ሲጎተት ቆይቶ በ2007 የአማራ ክልል ምክር ቤት ለቅማንት ሕዝብ እውቅና ሰጠ። ከዚያ በኋላም የወሰንና የአስተዳደር ጥያቄው ብዙ ደም አፋሷል። የትኛው ወገን ልክ ነበር የሚለውን መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ልብ በሉልኝ የምለው፣ በአንድ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል ከባድ ነገር ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሲጠየቅ

አሁን ወደ ቅመም ነጋዴዋ እናታችን ጉዳይ ልመለስ። የስልጤ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ በመንግሥትም በከተማ ሰውም ዘንድ የጉራጌ አካል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ጎረቤት ናቸው፣ በንግድ ይመሳሰላሉ፣ በየከተማው ሱቅ የከፈተ ሁሉ «ጉራጌ» ነው የሚባለው። የስልጤ ቋንቋ ግን የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት ለሐረሪ ቋንቋ በጣም የቀረበ ነው። ከ1983 ለውጥ በኋላ «እኛ ስልጤ ነን፤ ጉራጌ አይደለንም» የሚል ጥያቄ በይፋ ቀረበ። «አይደለም፣ ጉራጌ ናችሁ» የሚሉም ነበሩ፤ ከዚያው ከአካባቢው የወጡ ጭምር። ጥያቄው በክልሉ በኩል ተቀባይነት ሲያጣ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ባለሙያ ወይም ባለሥልጣን እንዲወስን አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ ተጠየቀ። በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። እጅግ አብላጫው «ስልጤ የራሱ ማንነት ያለው ሕዝብ ነው» ብሎ ድምፅ ሰጠ። የስልጤ ዞን ተቋቋመ፣ ወራቤ ዋና ከተማው ሆነች። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዐዋጅ፣ ቁጥር 251/1993፣ የማንነት ጥያቄ በምን ሥርዓት እንደሚቀርብ ደነገገ፤ ጥያቄው መጀመሪያ ለክልል ይቀርብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ካልተሰጠው ወደ ምክር ቤቱ ይሄድ ነበር።

እናታችን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። አባታቸው በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ በበቅሎ ሄደው ነው ድምፅ የሰጡት። ሲመለሱ፣ «ዛሬ ሰው ጠየቀኝ» አሉ። ድምፅ ሰጠሁ፣ አሸነፍኩ ሳይሆን፣ ተጠየቅሁ ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላስ? ስልጤና ጉራጌ ጎረቤትነታቸውን አልተዉም። የደቡብ ክልል ፈርሶ በ2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሁለቱም በአንድ ክልል ውስጥ ነው የገቡት። ማንነትን በስሙ መጥራት መለያየት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ሕዝበ ውሳኔ የሕዝብን ጥያቄ ይመልሳል፤ የእያንዳንዷን ሴት ጥያቄ ግን አይመልስም። ስልጤ አባትና ጉራጌ እናት ያላት ልጅ በ1993ም፣ ዛሬም ለራሷ ልትመልሰው የሚገባ ጥያቄ አላት። የእኛም ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ክልል ለመሆን ወስኗል። በሰኔ 2012 ክልሉ ሥራ ጀመረ። እናቴ በሰልፍ ቆማ ድምፅ ሰጥታ ስትመለስ በደስታ አለቀሰች። እኔም ከእሷ ጋር ደስ አለኝ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ቃል ግን ያው «ወላይታ» ነበር። ደስታዬን ሐሰት አላደረገውም።

በሰኔ 2010

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። በሰኔ 2010 በከተማችን በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በየቤታችሁም የተጠለለ ሰው ነበር።

በእነዚያ ቀናት በእኛ ቤት እናቴና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። እናቴ የምትፈራው ለእኔ ነው፤ በመታወቂያዬ ምክንያት። እኔ የምፈራው ለአጎቶቼ ልጆች ነው፤ በሁለቱም በኩል ላሉት። ሁለቱም ወገን ደሜ ነው። የትኛውን ልደብቅ? መታወቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በዱቄት ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። አንዲት የሲዳማ ጎረቤታችን መጥታ፣ «ማንም ቢመጣ የእኔ ልጅ ነች እላለሁ» አለችን። በማግሥቱ ደግሞ የአባቴ ዘመድ ደውሎ፣ «እናትሽ ወደ እኛ ትምጣ፤ ማንም አይነካትም» አለ። አንዱም ወረቀት አልጠየቀም።

በሕይወቴ ስለ ብሔር የተማርኩት ትልቁ ነገር ያኔ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቃል ሰላም ባለበት ቀን ምንም አይደለም፤ ሰላም በሌለበት ቀን ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ያንን ቃል ማን እንደጻፈው፣ ማንን ጠይቆ እንደጻፈው ለማወቅ መፈለጌ ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮችስ?

የሩዋንዳን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ የቤልጂየም አገዛዝ ለእያንዳንዱ ሰው ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል መታወቂያ አደለ። ከዚያ በፊት በሀብትና በጋብቻ ይለዋወጥ የነበረው መደብ በወረቀት ላይ ተቸነከረ፤ ልጅም የአባቱን ወረሰ። በ1994 የዘር ፍጅቱ ሲጀመር በየመንገዱ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነበር። ከፍጅቱ በኋላ ሩዋንዳ ያንን መስመር ከመታወቂያ ላይ አወጣችው።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ዘር እንዲመድብ ሥልጣን ሰጠው። ሳንድራ ላንግ የምትባል ልጅ ከነጭ እናትና አባት ተወለደች፤ በቆዳዋና በፀጉሯ ምክንያት ግን በ1966 ከትምህርት ቤት ተባርራ «ክልስ» ተብላ ተመዘገበች። ወላጆቿ ተሟግተው መልሰው አስቀየሩት። እናትና አባት የሚመሰክሩላትን ልጅ የማያውቃት ሹም ሁለት ጊዜ መደባት። ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው።

በአሜሪካም እስከ 1960 ድረስ በቆጠራ ጊዜ የሰውን ዘር የሚጽፈው በር አንኳኩቶ የገባው ቆጣሪ ነበር፤ በዓይኑ አይቶ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ራሱ ቅጹን መሙላት የጀመረው። ከአንድ በላይ መምረጥ የተፈቀደው ደግሞ በ2000 ነው። ትልቅ አገር ናት፤ አንድ ሰው ሁለት ወገን ሊኖረው እንደሚችል በወረቀት ለመቀበል ያን ያህል ጊዜ ወስዶባታል።

በእኛም አገር አንዳንድ ነገር እየተለወጠ ነው። በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይመዘግባል እንጂ ብሔር አይጠይቅም። እኔ ስመዘገብ ጥያቄውን ጠብቄ ነበር። ሳይመጣ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ገረመኝ።

የእናት ወገን

አንዳንድ እህቶች፣ «እንግዲያው ብሔር ባይጻፍ አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እናቴ ሲዳማነቷ እንዲደበቅ አትፈልግም። ለረጅም ዘመን ቋንቋዋ በጽሕፈት ቤት አይሰማም ነበር፤ ዛሬ በሲዳምኛ አመልክታ በሲዳምኛ ይመለስላታል። ፍቼ ጫምባላላ በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ለሰፈሩ ሁሉ ቡርሳሜ አብልታለች። ስሙን መተው ለእሷ ሰላም ሳይሆን ወደ ድሮው መመለስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይጠየቅ፤ የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ይሁን ነው የምለው።

ደግሞም ማንነት በአባት ደም ብቻ ይቆጠራል የሚለው ሐሳብ ራሱ እንደምናስበው ብቸኛው ባህላችን አይደለም። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ የአሳዳጊዎቹ ጎሳ ሙሉ አባል ነው፤ በሞጋሳ ደግሞ ሌላ ሕዝብ በጅምላ ተቀብሎ ወገን ማድረግ የታወቀ ሥርዓት ነበር። በሰሜኑ አገራችን የጡት ልጅ የተባለ ሰው እንደ ተወለደ ልጅ ይታይ ነበር። አያቶቻችን ወገን በደም ብቻ ሳይሆን በመቀበልም እንደሚሆን ያውቁ ነበር። የመታወቂያው ቅጽ ነው አንድ መስመር ብቻ የሰጠን።

ይህ ነገር በተለይ እኛን ሴቶችን ይመለከታል። ከየአቅጣጫው ሰው በሚመጣባት ከተማ ነው የምንኖረው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ብቻ ስንት ወጣት ሴቶች ከየዞኑ መጥተው እዚህ ተጋቡ፣ ወለዱ! የልጆቻቸው ብሔር ሲጻፍ የሚጠየቀው አባት ነው። አባት ትቶ የሄደ እንደሆነም ስሙ ይጻፋል፤ ያሳደገችው እናት ግን በዚያ መስመር ላይ አትገኝም። በማኅበራችን ውስጥ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች እናት ስንት እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በመዝገባችን ላይ የብሔር ዓምድ የሚያስፈልግ ከሆነ አባሏ ራሷ በአፏ ተናግራ ትሙላው፤ ማንም ከስሟ አይገምትላት። ሁለተኛ፣ ሁለት መጻፍ የምትፈልግ ሁለት ትጻፍ፤ መጻፍ የማትፈልግ ባዶ ትተወው፤ ምክንያት አትጠየቅ። ሦስተኛ፣ መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለማንም ወገን ሲሰጥ ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይሰጥ። ሰኔ 2010ን ያየች ሴት ይህን ለምን እንደምል ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ለደጋፊዎቻችንም በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። የትኛው ወገን እንደተረሳ ለማወቅ ቁጥር መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ እኛም እንፈልገዋለን። ነገር ግን ቅጹን ስትልኩልን ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜም ስጡን። በአንድ ሌሊት የተሞላ ቅጽ የአባላቱን ማንነት አያሳያችሁም፤ የሚያሳያችሁ የጸሐፊዋን ግምት ነው። ያንን ቅጽ መልሰን አስተካክለነዋል። ሦስት ቀን ፈጀ። ቅመም ነጋዴዋ እናታችን ስልጤ ተባሉ፣ እህታችን ጌዴኦ ተባለች። አንዲት እናት ደግሞ፣ «የሐዋሳ ሰው በሉኝ፤ ሌላ አላውቅም» አሉ። እንዳሉት ተጻፈ።

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ አንድ ጉዳይ ሲቀርብ «አፊኒ?» ይባላል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ሳይሰማ አይፈረድም። እናቴ ይህን ቃል ቤት ውስጥም ትጠቀምበታለች፤ ልጆች ሲጣሉ፣ ጎረቤት ሲከስ፣ ቶሎ ፍርድ ስንሰጥ። ቅጹ የተስተካከለ ቀን ማታ ለእሷ አነበብኩላት። ከስሜ ጎን «ወላይታ እና ሲዳማ» ይላል። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን አየችው። ከዚያ፣ «አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው ይሁን» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

በሚመጣው ወር የቡና ፕሮግራማችን ላይ እያንዳንዳችሁ የእናታችሁንና የእናታችሁን እናት ስምና አገር ይዛችሁ ኑ። እንጽፈዋለን።